ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ

እሺ... ይቀዳል? አዎ፣ ይቀዳል። ሰላም ናችሁ። ዶሮውን ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፣ አለ፣ እዛው ሶስተኛ ፎቅ በረንዳው ላይ ነው፣ ዛሬም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው የጀመረው፣ መሀል ላይ ከገባ አልቆርጠውም። ዛሬ እንግዳ የለንም። ማይኩን መስኮቱ ስር አድርጌዋለሁ፣ ስለ መስኮት እያወሩ መስኮት ዘግቶ መቀመጥ ደስ አላለኝም፣ ስለዚህ ባጃጁም ልጆቹም አሸዋ የሚያራግፈው መኪናም ይሰማችኋል፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ ስለ ፎቶዎቹ ላመስግናችሁ። ሳታሳምሩ፣ ሳትመርጡ፣ ከቤታችሁ መስኮት የሚታየውን እንዳለ ላኩልኝ ስላችሁ እንደዚህ ይጎርፋል ብዬ አላሰብኩም። ከሲልቨር ስፕሪንግ ፓርኪንግ ተልኳል፣ ከዱባይ ፎቅ ፊት ለፊት ሌላ ፎቅ፣ ከስቶክሆልም ቅጠሉ ሁሉ ቢጫ ሆኖ የረገፈበት ግቢና ማንም ያልተቀመጠበት ዥዋዥዌ፣ ከጎንደር ደግሞ በሁለት ቆርቆሮ ጣሪያ መሀል የፋሲል ግንብ ጫፍ። ላኪው "ይቅርታ ብዙ አይታይም" ብሎ ጽፎበታል፣ ኧረ ወንድሜ ምን ይቅርታ ያስፈልገዋል፣ እኔ እዛ ቤት ብወለድ ከመስኮቱ አልነሳም ነበር።

የቤሩቷ... የቤሩቷን ብቻዋን አንድ ቀን አወራታለሁ፣ ከፈቀደችልኝ። የምትሰራበት ቤት የኩሽና በረንዳ ነው። የሰው ልብስ ታጥቦ ተሰጥቷል፣ ከልብሱ ጀርባ ሁለት ፎቅ አለ፣ በሁለቱ መሀል ጣት የምታክል ባህር ትታያለች። ከስሩ የጻፈችው "መስታወቱ አዲስ ነው" ብቻ ነው። መጀመሪያ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም፣ ከዛ የወደቡ ፍንዳታ ትዝ አለኝ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2012፣ የስንቱ ሰፈር መስኮት የረገፈበት ቀን። እሷ ያን ቀን የት ቆማ እንደነበር አልጠየቅኳትም። እንዴት ተብሎ ይጠየቃል።

ሀሳቡ ደሞ የኔ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ አይደል። ኮቪድ ሲገባ፣ መጋቢት 2012 ላይ፣ ባርባራ ዱሪዮ የምትባል ቤልጂየማዊት ግራፊክ ዲዛይነር ፌስቡክ ላይ ቪው ፍሮም ማይ ዊንዶው የሚል ግሩፕ ከፈተች፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ተዘግቶበት ስለነበር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ አባል ገባበት። ያኔውኑ ሲንጋፖር ያሉ ሁለት ሰዎች ደግሞ ዊንዶውስዋፕ የሚባል ሳይት ሰሩ፣ እሱ ላይ ፎቶ ሳይሆን 10 ደቂቃ ቪዲዮ ነው፣ ከነድምፁ፣ አንድ በተን ትጫኑና የማታውቁት ሰው ቤት መስኮት ላይ ትቆማላችሁ። ዝናብ ይዘንባል፣ ድመት ትሄዳለች፣ በቃ። እኔ ያን ጊዜ ማታ ማታ እሱን ከፍቼ ነበር የምተኛው። የሰው ሀገር ዝናብ እየሰማሁ።

እና የራሴንም ለጠፍኩ፣ እናንተን ላኩ ብዬ እኔ ዝም ማለት ስለሌለብኝ። የኔን ታውቁታላችሁ። ብሎኮቹ፣ ጣሪያው ላይ የተደረደረው ሮቶና ሳህን፣ ከብሎኮቹ ወዲያ ያልተሰራበት ማሳ፣ ከማሳው ወዲያ ዬረር። ጥቅምት ስለሆነ ሰማዩ ታጥቦ ዬረር ቁልጭ ብሏል፣ 3,100 ሜትር ገደማ ነው ከፍታው፣ ከሰዓት ላይ ፀሐይ ከኛ በኩል ስትመታው እጥፋቱ ሁሉ አንድ በአንድ ይታያል። ወደ ደቡብ አንገቴን ካወጣሁ ዝቋላም አለ፣ ሰማዩ ከፈቀደ። "የኔ ዬረር" ብዬ ነው የለጠፍኩት።

እና ሚኒያፖሊስ ያለ አንድ አድማጫችን ጻፈልኝ። "እህቴ፣ ይሄን ያነሳሽው ከስንተኛ ፎቅ ነው?" አራተኛ አልኩት። ቆየ፣ ቆየ፣ የሚጽፍ ይመስላል ከዛ ይጠፋል፣ ከዛ "በቪዲዮ ብደውልልሽ ይከብድሻል?" አለ። እኔ ደሞ ለማላውቀው ሰው በቪዲዮ አላወራም፣ ያንን ታውቃላችሁ፣ ግን አጠያየቁ ውስጥ የሆነ ነገር ነበር። እሺ አልኩ።

ሐሙስ ደወለ። እኛ ጋ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ እሱ ጋ ገና ጠዋት፣ ከሌሊት ስራ መግባቱ ነው፣ የስራ ጃኬቱን እንኳ አላወለቀም። መጀመሪያ የራሱን አሳየኝ፣ "ተራው የኔ ነው" ብሎ። መኪና ማቆሚያ፣ የቆሻሻ ገንዳ፣ አንድ ቀይ ቅጠል ያለው ዛፍ፣ ከዛ ግራጫ ሰማይ። ተራራ የለም። "ከመጣሁ ጀምሮ ተራራ የለም" አለኝ፣ ሀገሩ ሜዳ ነው። "አሁን ያንቺን።"

ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ከበረንዳው ብረት ወዲያ ዘረጋሁት፣ አራተኛ ፎቅ ነው፣ ከወደቀ ወደቀ ማለት ነው። ፊቱ አይታየኝም፣ ስክሪኑ ወደኔ ቢሆንም ፀሐዩ አጥፍቶታል፣ ድምፁን ብቻ ነው የምሰማው። ዬረርን ሲያይ ምንም አላለም። የተቋረጠ መስሎኝ ሄሎ አልኩ። "አለሁ" አለ። ከዛ፣ "ወደ ቀኝ።" አዞርኩ። "ትንሽ ወደ ቀኝ።" አዞርኩ። "አለፍሽው፣ ተመለሺ። ቀስ በይ። እዛ ጋ... ቁሚ።"

ቆምኩ። "ዬረር ትከሻ ላይ ጎድጎድ ያለች ቦታ ትታይሻለች?" አዎ። "ከሷ ቀጥ ብለሽ ወደ ታች ውረጂ።" ወረድኩ፣ ማለቴ ካሜራውን። ማሳው፣ የቆርቆሮ አጥሩ፣ ያላለቀው ብሎክ፣ ሮቶው። "ከሮቶው ወዲህ። ወዲህ። ቀይ ብርድ ልብስ የተሰጣበት ጋ። ልክ እሱ ጋ አውድማችን ነበር።"

እኔ... ቆይ። ውሃ ልጠጣ።

ቀዩ ብርድ ልብስ የኛ ነው። የእናቴ ብርድ ልብስ ነው፣ ያ ትልልቅ አበባ ያለው፣ ጠዋት እኔው ነኝ ያሰጣሁት፣ የብሎካችን ልብስ መስጫ ሽቦ እዛ ጋ ነው። አልነገርኩትም። "አየሁት" ብቻ ነው ያልኩት።

ከዛ ማውራት ጀመረ፣ ማንም አላስቆመውም፣ እኔም እጄ እየዛለ ስልኩን አላወረድኩም። ጤፉ ከየት እስከ የት፣ ሽምብራው የቱ ጋ፣ መስከረም ላይ ዝናቡ ሊወጣ ሲል ጥቁሩ መረሬ አፈር ገና እርጥብ እያለ ነው ሽምብራ የሚዘራው፣ እሸቱ ሲደርስ እሱና እህቱ መንገድ ዳር እየሸጡ ነበር ደብተር የሚገዙት። የአዳማው ፈጣን መንገድ ሲሰራ ከብት እየጠበቁ ማሽኖቹን ቆመው ያያሉ፣ ተከፍቶ መኪናው በዛ ፍጥነት ማለፍ ሲጀምር እንደ ጉድ ነበር ለነሱ። ከዛ የኛ ኮንዶሚኒየም ሳይት መጣ። ካሳ ተከፍሏል። ስንት እንደሆነ ነግሮኛል፣ እዚህ አልናገረውም፣ የሱ ጉዳይ ነው። አባቱ በብሩ ባጃጅ ገዛ፣ ገበሬ ሰው፣ በሬ ነው የሚያውቀው፣ አንድ ሁለት ዓመት ነድቶ ሸጠው። አሁን በህይወት የሉም።

እዚህ ጋ ዶሮው ጮኸ። እውነቴን ነው፣ በ10 ሰዓት፣ ሰዓት አያውቅም እኮ። እና ልጁ ሳቀ። "ዶሮ አለ እንዴ አሁንም!" አለ፣ እንደዛ ደስ ያለው ድምፅ ከሱ ሰምቼ አላውቅም፣ ማለቴ ሰውየውን የማውቀው ከግማሽ ሰዓት ወዲህ ነው ግን ገባችሁ።

ማታ ስለ መስኮት ማንበብ ጀመርኩ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የማደርገውን ታውቃላችሁ። እና ምን አገኘሁ መሰላችሁ፣ በካሜራ ተነስተው እስከዛሬ ከተረፉ ፎቶዎች ሁሉ የመጀመሪያው የመስኮት ፎቶ ነው። ኒሴፎር ኒዬፕስ የሚባል ፈረንሳዊ፣ ሴን ሉ ደ ቫሬን የሚባል መንደር ውስጥ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1826 ወይም በ1827፣ ከቤቱ ፎቅ መስኮት የሚታየውን ነው ያነሳው። ንጉስ አይደለም ያነሳው፣ ቤተ መንግስት አይደለም፣ የራሱን ግቢና ጣሪያውን ነው! ሬንጅ በተቀባ ጠፍጣፋ ብረት ላይ። ብርሃኑ እስኪይዝለት ቢያንስ 8 ሰዓት ፈጅቷል ይባላል፣ እና በዛ መሀል ፀሐይዋ ዞራለች፣ ስለዚህ ፎቶው ላይ የግራውም የቀኙም ግድግዳ ፀሐይ ይመታዋል። ጠዋቱም ከሰዓቱም አንድ ላይ አለ። እንዲህ የሆነ ሰዓት በዓለም ላይ የለም፣ ፎቶው ላይ ግን አለ። ብረቱ አሁን ቴክሳስ፣ ኦስቲን፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው ያለው። ከመንደሩ ወጥቶ እሱም አሜሪካ ገባ።

ለምን ነገርኳችሁ... አላውቅም። የሆነ ነገር ላገናኝ ነበር። ያን ሌሊት በጣም የተገናኘ መስሎኝ ነበር፣ አሁን ሳወራው ያን ያህል አይደለም። ይለፍ።

አሁን ደግሞ ሌላውን ካልነገርኳችሁ ልክ አይሆንም። እናቴ የ97 ተመዝጋቢ ናት፣ በ1997 ለኮንዶሚኒየም ቤት ከተመዘገቡት። የ97 ተመዝጋቢ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ከተማ ለሚኖር ሰው አላስረዳም። ስንት ቤት እንደተከራየን፣ ስንት አከራይ "ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነው ልቀቁ" እንዳለን፣ በየወሩ ከምን ላይ እየቀነሰች ባንክ ትሄድ እንደነበር። እጣው ወጥቶ ስሟን ስታገኝ እልል ያለችው እልልታ እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ያ እልልታ ልክ ነበር። ማንም ልክ አልነበረም ሊለኝ አይችልም፣ እሺ? የማንንም አልቀማችም፣ ቆጥባ፣ ተራዋን ጠብቃ ነው። ግን ደግሞ ብርድ ልብሷ የተሰጣው አውድማ ላይ ነው። ሁለቱንም ይዤ ነው ያለሁት፣ የትኛውን ላስቀምጥ።

አንዳንዶቻችሁ ምን እንደምትሉ አውቃለሁ። ሁሉም ከተማ የሆነ ሰው ማሳ ነበር፣ ቦሌም ማሳ ነበር፣ ሲኤምሲም ማሳ ነበር። አዎ ነበር። ግን የቦሌው ሰውዬ በቪዲዮ ደውሎልኝ ወደ ቀኝ አላለኝም።

እና አሁን የሚያስጨንቀኝ እሱም አይደለም። ስልኩን ሊዘጋ ሲል የጠየቀኝ ነው። እናቱ እዚሁ ቅርብ ናቸው፣ በታክሲ አንድ ፌርማታ የሚባል ነገር ነው፣ ቤት ተከራይተው ከእህቱ ጋር ይኖራሉ። ከተነሱ ጊዜ ጀምሮ በዚህ በኩል መጥተው አያውቁም። በመንገዱ ሲያልፉ እንኳ ፊታቸውን ወደ ሌላኛው ወገን ነው አሉ የሚያዞሩት። እና፣ "እናቴ አንድ ቀን አንቺ ቤት መጥታ ከላይ ሆና ብታየው ቅር ይልሻል?" አለኝ። ለምን እንደፈለገ ጠየቅኩት። "እኔ ዛሬ ካየሁ በኋላ የሆነ ነገር ቀለለኝ" አለ። "እሷም ይቀላት ይሆናል።"

እሺ አልኩት። ምን ልበል ሌላ፣ እሺ ነው የሚባለው። ግን እሱ ያየው በስልክ ነው፣ እጅ በምታክል ነገር፣ ሲፈልግ ይዘጋዋል፣ እሳቸው አራት ፎቅ በእግራቸው ወጥተው ነው የሚያዩት፣ ከዛ በዛው ደረጃ ወርደው፣ በዛ ልብስ መስጫ ጎን አልፈው ነው የሚሄዱት። ይቀላቸዋል? ወይስ ፊታቸውን አዙረው ያቆዩትን ነገር እኔ ነኝ የማዞርባቸው? አላውቅም። ልጁ ያውቃል እናቱን፣ እኔ ማን ነኝ። ግን ልጁ እሳቸውን ካያቸውም ስንት ጊዜው ነው...

ለእናቴ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር፣ የቤት ነገር ሲነሳ ታውቋታላችሁ። ዝም ብላ ሰማችኝና "እሁድ ይምጡ፣ ቡናውን እኔ አፈላለሁ" አለች። ከዛ ጀምሮ ቤት እያፀዳች ነው። መጋረጃውን አውርዳ አጠበችው። ብርድ ልብሱን ከሽቦው አንስታ አጥፋ አስገባችው፣ ሽቦው አሁን ባዶ ነው፣ የጎረቤቶቹን ልብስ እንኳ ለእሁድ እንዳያሰጡ ልትነግራቸው ነበር፣ እማዬ ተይ አልኳት። ምን እንደምትደብቅ ራሷም አታውቀውም፣ እኔም አላውቀውም። ደግሞ ትናንት ምጣዱ ጋ ቆማ ድንገት ዞር ብላ "ስትገባ ምን ልበላት?" አለችኝ። ኦሮምኛዋ ከኔ ይሻላል፣ አቃቂ ነው ያደገችው፣ ቋንቋው አይደለም የቸገራት። እንግዳ በር ላይ ሲመጣ የሚባል ነገር አለ አይደል፣ ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ ምናምን... ለሳቸው? እዚህ መሬት ላይ? እኛ ነን ግቡ የምንላቸው?

እማዬ ትልቅ ሰው ናት፣ ደርሳ የምትለው አታጣም። ያን ቀን ግን አጣች። እኔም አልመለስኩላትም።

ስለዚህ... ከናንተ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ካለ፣ ከየትኛውም ወገን፣ ከተነሱትም ከገቡትም፣ ቮይስ ላኩልኝ። እንዳትጽፉ፣ በድምፅ ነው የምፈልገው። እስከ ቅዳሜ ማታ ከሆነ ለእማዬም አሰማታለሁ። ልጁ ደግሞ እሁድ በቪዲዮ ልግባ ወይ ብሎኛል፣ እሱን እስካሁን አልወሰንኩም፣ እሳቸው እያዩ እሱ እሳቸውን ሲያይ... አላውቅም፣ ምናልባት ስልኩን ለእህቱ ብሰጣት ይሻላል፣ ወይ ጨርሶ ባይገባ። ቆይ፣ ቧንቧው ድምፅ አሰማ፣ ውሃ መጣ መሰለኝ፣ ሐሙስ አልነበረም እንዴ የኛ ተራ... እሺ፣ ልሂድ፣ ባልዲዎቹ ሁሉ ባዶ ናቸው።