ጉዳዩ ያለው ፋይል መጫኛው ገጽ ላይ ነው

የተከበራችሁ የማተሚያ ቤት ባለቤቶች፣ ዲዛይነሮችና ፕሮግራመሮች፣ እንደምን ዋላችሁ።

የተሰጠኝ ርእስ ለተጠቃሚ የሚመች የኦንላይን ማተሚያ ቤት ድረ ገጽ ስለ መሥራት ነው። ሰፊ ርእስ ነው፤ ስለ ሜኑም፣ ስለ ቀለም ምርጫም፣ ስለ ክፍያም ሊወራበት ይችላል። እኔ ግን የተሰጠኝን ሰዓት አብዛኛውን የምጨርሰው በአንድ ገጽ ላይ ነው፤ ደንበኛው ፋይሉን በሚጭንበት ገጽ።

የሚመጣልንን ቅሬታ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። «ስልክ ቁጥሩ ተቆርጧል»፣ «ያየሁት ሰማያዊ ይሄ አልነበረም»፣ «ሎጎው ደብዝዟል»። ከዚያ ማተሚያ ክፍሉ ደንበኛውን፣ ደንበኛው ዲዛይነሩን፣ ዲዛይነሩ ማሽኑን ይወቅሳል። ሦስቱም ጥፋት ግን ወረቀት ማሽን ሳይነካ በፊት ፋይሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር። ድረ ገጹ ፋይሉን ተቀበለ እንጂ አላየውም።

እስቲ አንድ ትእዛዝ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንከተል። ደንበኛው 500 ቢዝነስ ካርድ ይፈልጋል፤ ልኩ 85 በ55 ሚሊ ሜትር። ፋይሉ ፒዲኤፍ ነው፤ ገጹም ልክ 85 በ55 ነው። ከጽሑፉ ሥር ያለው የጀርባ ቀለም እስከ ጠርዙ ድረስ ደማቅ ሰማያዊ ነው። ስልክ ቁጥሩ ከቀኝ ጠርዝ 1 ሚሊ ሜትር ላይ ተቀምጧል። ሎጎው ከአንድ ድረ ገጽ ላይ የተወሰደ፣ 200 ፒክስል ስፋት ያለው ምስል ሲሆን በ40 ሚሊ ሜትር ስፋት ተዘርግቷል። ደንበኛው ይህን ጫነ፤ ድረ ገጹ አረንጓዴ ምልክት አሳየውና «ፋይልዎ በተሳካ ሁኔታ ደርሶናል» አለው። ሰውየውም ሁሉም ነገር ደህና ነው ብሎ ከፈለ። ለምን አይበል? እኛው ነን በአረንጓዴ የነገርነው!

አሁን ማተሚያ ክፍል እንግባ። ወረቀቱ ተደራርቦ ሲቆረጥ በትንሹም ቢሆን መንሸራተቱ አይቀርም። የጀርባ ቀለሙ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ብሊድ (ከመቁረጫው መስመር ውጭ የሚተርፍ ቀለም) ቢኖረው፣ ማለትም ፋይሉ 91 በ61 ሆኖ ቢመጣ ኖሮ፣ በጠርዙ ላይ መንሸራተቱን ማንም አያውቀውም ነበር። አልመጣም፤ ስለዚህ በአንዱ ጠርዝ ቀጭን ነጭ መስመር ወጣ፣ በሌላው ጠርዝ ደግሞ ስልኩ ከመቁረጫው 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚርቅ የመጨረሻ አኃዙ ተበላ። 200 ፒክስሉ በ40 ሚሊ ሜትር ላይ ሲዘረጋ በኢንች 127 ነጥብ ብቻ ነው፤ በእጅ ተይዞ በቅርብ ለሚታይ ሥራ የምንጠይቀው 300 ነው። ሰማያዊውም በስክሪን ብርሃን፣ በአር ጂ ቢ (በቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን) የተሠራ ነው፤ ወደ ሲ ኤም ዋይ ኬ፣ ወደ ማተሚያው አራት ቀለሞች፣ ሲቀየር ፈዘዘ፣ ወደ ወይን ጠጅም አደላ። 500ውም ካርድ ወደ ቅርጫት።

ከእነዚህ ጥፋቶች አብዛኞቹን ለመለየት የሰው ዓይን እንኳ አያስፈልግም። ፖፕለር የሚባለው ነፃ የሶፍትዌር ስብስብ የገጹን ልክና የመቁረጫውን ሳጥን ያነብባል፤ ፒዲኤፉ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ምስል በኢንች ስንት ፒክስል እንደሆነ ይዘረዝራል፤ የትኛው ፎንት ከፋይሉ ጋር እንዳልተካተተ ይናገራል። ለአንድ ካርድ ይህ ሁሉ ቢበዛ ጥቂት ሰከንድ ነው። ፎንት ያልተካተተበት ፋይል እኛ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት በሌላ ፊደል ይተካል ወይም ባዶ ሳጥን ይሆናል፤ ደንበኛው ግን በራሱ ስክሪን ላይ ትክክለኛውን ስለሚያይ ከእኛ በቀር የሚነግረው የለም።

እዚህ ላይ በግልጽ ልናገር። «ውሎችና ሁኔታዎች» ሥር፣ በደቃቅ ፊደል፣ «የብሊድ ኃላፊነት የደንበኛው ነው» ብለን ጽፈን ተገላግለናል ብለን እናስባለን። ደንበኛው ብሊድ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ የማወቅ ግዴታም የለበትም! ሳይለካ የሚቆርጥ ልብስ ሰፊ ዘንድ ማን ይሄዳል? ለመነሻ ገጹ ተንሸራታች ፎቶ ሳምንታት እየተሟገትን ፋይል መጫኛውን በአንድ ባዶ አዝራር የምንተው ከሆነ፣ ለደንበኛ ብለን ነው የምንሠራው አንበል!

መልእክቱ እንዴት ይጻፍ? «የፋይል ስህተት» አይበቃም። እንዲህ ይበል፦ «በቀኝ በኩል ያለው ጽሑፍ ከመቁረጫው 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ይርቃል፤ ሊቆረጥ ይችላል። ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ያስገቡት»። ከሥሩ «አስተካክዬ ልጫን»፣ «እናንተ አስተካክሉልኝ»፣ «እንዳለ ይታተም» የሚሉ ሦስት አዝራሮች ይኑሩ። ሦስተኛውን መከልከል አይገባም፤ አውቆ የወሰነ ሰው መብቱ ነው። ቅድመ እይታውም ላይ ቀይና ሰማያዊ መስመር ደርድሮ መተው ለእኛ እንጂ ለእሱ ትርጉም የለውም። ተቆርጦ ያለቀውን ካርድ አሳዩት፤ ተቆርጦ የሚወድቀውን ክፍል አደብዝዙት። ያኔ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። መመርመሪያው ሁሉንም ሥራ በአንድ ልክ አይለካ። ከሩቅ ለሚታይ ትልቅ ባነር በኢንች 100 ነጥብ በቂ ነው፤ በ300 ሕግ ከመለስነው ደንበኛው ፎቶውን በሶፍትዌር ለጥጦ ቁጥሩን ብቻ አሟልቶ ይመጣል፤ ምስሉ ግን ያው ነው። ምርቱ ሲመረጥ ልኩም አብሮ ይቀየር።

ፕሮግራመሮች ደግሞ ይህን አድምጡኝ። ድረ ገጹን የሚያቀርበው የሰርቨር ሶፍትዌር ኢንጂንኤክስ ከሆነ፣ ቅንብሩ ካልተነካ በቀር ከ1 ሜጋ ባይት በላይ አይቀበልም፤ 413፣ ማለትም «መጠኑ በዛ» የሚል የስህተት ቁጥር፣ ይመልሳል። ፎርሙን የሚቀበለው የፕሮግራም ቋንቋ ፒኤችፒም ቅንብሩ ካልተነካ ለአንድ ፋይል የሚፈቅደው 2 ሜጋ ባይት፣ ለጠቅላላው ፎርም 8 ነው። ከ8 ሲያልፍ የሚሆነው የባሰ ነው፤ ፎርሙ ባዶውን ይደርሳል፣ ደንበኛው የሞላው መጠን፣ የወረቀት ዓይነትና አድራሻ ሁሉ ይጠፋል፣ ፕሮግራመሩ ራሱ ካልጻፈለት በቀር ለደንበኛው ግልጽ የስህተት መልእክት አይወጣለትም። ሰውየው እንደገና ይሞላል፣ እንደገና ይጠፋበታል፣ ከዚያ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። የብሮሹር ፋይል በቀላሉ 80 ሜጋ ባይት ይሆናል። ሦስቱንም ገደብ አንድ ላይ ከፍ አድርጉ፤ የሚፈቀደውን መጠን ከአዝራሩ አጠገብ ጻፉ፤ ፋይሉንም በ5 በ5 ሜጋ ባይት ከፋፍላችሁ ላኩ። ተስ የሚባለው ክፍት የፋይል መላኪያ ፕሮቶኮል መስመር ሲቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል፤ 90 በመቶ ላይ የደረሰን ሰው ከዜሮ ማስጀመር ነውር ነው!

የቀረውን በአጭሩ። ጠቅላላ ዋጋው፣ ማድረሻውን ጨምሮ፣ ከምዝገባ በፊት ይታይ። ያለ ምዝገባም ማዘዝ ይቻል። መሐሉ ላይ በሽቦ ለሚሰፋ ብሮሹር የገጹ ብዛት ለ4 የሚካፈል ብቻ ይቅረብ፤ 10 ገጽ እንዲመርጥ ፈቅደን ኋላ ስልክ አንደውል። በድረ ገጹ ላይ በጽሑፉና በጀርባ ቀለሙ መካከል ያለው የብሩህነት ልዩነት (ኮንትራስት) ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን፤ ግራጫ በነጭ ላይ ለዲዛይነሩ ያምራል፣ ለሚያነበው ግን ያስቸግራል። የቀድሞ ትእዛዝን በአንድ አዝራር መድገም ይቻል፤ ቢዝነስ ካርድ ማለቁ አይቀርም።

ደንበኛው ቅድመ እይታውን አይቶ «ይታተም» ሲል የፋይሉ ቅጂ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር ይቀመጥ፤ ለእሱም በኢሜይል ይላክለት። ከዚያ በኋላ በዚያው ትእዛዝ ስም ሌላ ፋይል ከተጫነ የመጀመሪያው ፈቃድ ይሰረዝና እንደገና ይጠየቅ። ይህን የማያደርግ ድረ ገጽ ክርክር ሲነሳ የትኛው ፋይል እንደታተመ እንኳ ማስረዳት አይችልም።

የክፍያውን ነገር ቀጥለው የሚናገሩት ያብራሩታል። አመሰግናለሁ።