መጠኑ ተስተካከለ፣ ሕመሙ ግን አልለቀቀኝም፦ የታይሮይድ ታማሚዎች ጥያቄና የሐኪም መልስ

በዛሬው የስልክ ሰዓታችን የደወሉት አድማጮች ያነሱት አንድ ዓይነት ጭንቀት ነው፤ አንገት ላይ ላለው ሆርሞን አመንጪ እጢ፣ ለታይሮይድ፣ የሚወስዱት መድኃኒት መጠን ተቀይሯል፣ ጤንነት ግን አይሰማቸውም። የሆርሞን ሕክምና ባለሙያው መልስ ሰጥተዋል።

ከሐዋሳ የደወሉ አድማጭ፦ ዶክተር፣ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ካደረግሁ ወዲህ የታይሮይድ ሆርሞን ምትክ የሆነውን ታይሮክሲን እወስዳለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ሐኪሜ ከ50 ወደ 75 ማይክሮግራም ከፍ አደረገልኝ። ድካሙ፣ ብርዱና የሆድ ድርቀቱ ግን እንዳለ ነው፤ ፀጉሬም ይረግፋል። ቀጠሮዬን ከምጠብቅ ራሴ 100 ባደርገውስ?

መልስ፦ እህቴ፣ እባክዎ አያድርጉት። የሚሰማዎት ሕመም እውነት ነው፤ ችግሩ ይህ መድኃኒት ቀስ ብሎ የሚሠራ መሆኑ ነው። የራስ ምታት ክኒን በሰዓታት ውስጥ ያስታግሳል፤ ታይሮክሲን ግን ደም ውስጥ ካለው መጠን ግማሹ እስኪወገድ እንኳ አንድ ሳምንት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ አዲሱ መጠን በሰውነትዎ ውስጥ እስኪረጋ ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት ያስፈልገዋል። ታይሮይድን የሚያዘውን ሆርሞን የሚለካውን፣ ቲኤስኤች የተባለውን የደም ምርመራ መጠኑ ከተቀየረ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይተን የምናዘውም ለዚህ ነው። ዛሬ 100 ቢጀምሩ፣ በቀጠሮዎ ቀን የሚወጣው ውጤት የ75ቱ ይሁን የ100ው ማንም አያውቅም። ከሚገባው በላይ የወሰደ ሰው ልቡ ይመታበታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ያጣል፤ ሲቆይም የልብ ምት መዛባትና የአጥንት መሳሳት ያስከትላል። ፀጉር ደግሞ ሆርሞኑ ከተስተካከለ በኋላም ለማገገም ወራት ይወስድበታል። ለፀጉር ተብሎ የሚሸጠውን ባዮቲን የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ የላቦራቶሪ ውጤቱን ስለሚያዛባ ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለሁለት ቀን ይቋረጣል።

እኔ ግን መጠኑ ከመጨመሩ በፊት አንድ ነገር መጠየቅ እወዳለሁ፤ ክኒኑን የሚውጡት እንዴት ነው? ከቡና ጋር ወይም ቁርስ ላይ ከሆነ ከመድኃኒቱ ከፊሉ ሳይሠራ ሊያልፍ ይችላል። በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስና ከቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አስቀድሞ ይወሰዳል። ለደም ማነስ የሚታዘዘው የብረት ክኒን፣ ካልሲየምና የጨጓራ ማስታገሻ ደግሞ ከታይሮክሲኑ በአራት ሰዓት ልዩነት ይራቁ። እንደ ኦሜፕራዞል ያለ የጨጓራ መድኃኒት የሚወስዱም ይንገሩን፤ በአገራችን የጨጓራ ሕመም ስለሚበዛ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም የማይቀምሱ፣ በረመዳንም ቀኑን የሚጾሙ፣ ማታ ከበሉ ሦስት ሰዓት ያህል ቆይተው ሊተኙ ሲሉ ሊወስዱት ይችላሉ። ዋናው ነገር ሰዓቱ ከቀን ወደ ቀን አለመቀያየሩ ነው።

ከጂዳ የደወሉ አድማጭ፦ ከአገር ቤት ይላክልኝ የነበረው መድኃኒት ስላለቀ እዚሁ የሌላ ኩባንያ ገዛሁ። አሁን ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍም የለኝም።

መልስ፦ በመጀመሪያ ሁለቱን ማሸጊያዎች ጎን ለጎን አድርገው ቁጥሩን ያስተያዩ። በአንዳንዱ ላይ መጠኑ በሚሊግራም ይጻፋል፤ 0.05 ሚሊግራም ማለት 50 ማይክሮግራም፣ 0.1 ማለት ደግሞ 100 ነው። በዚህ ምክንያት ሳያውቅ እጥፍ የሚወስድ ሰው አለ። ቁጥሩ አንድ ከሆነም የኩባንያ ለውጥ ብቻውን የሚሰማ ልዩነት ሊያመጣ ስለሚችል ከስድስት ሳምንት በኋላ ይመርመሩ፤ ከዚያ በኋላ በአንዱ ይጽኑ። የልብ ምቱ ከደረት ሕመም፣ ከትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን ከመሳት ጋር ከመጣ ግን ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ። ክኒኑንም ከሙቀትና ከእርጥበት ያርቁ።

ከደሴ የደወሉ አድማጭ፦ የእኔ ታይሮይድ ከመጠን በላይ ይሠራል ተብሎ ፒቲዩ የተባለውን የታይሮይድ ሆርሞን የሚቀንስ ክኒን ከጀመርሁ ሦስት ወር ሆነኝ። አሁን ሰውነቴ ከብዷል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል፣ ብርድ አልችልም። ቲኤስኤች ገና ዝቅተኛ ነው ተብሎ በዚያው ቀጥል ተብያለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በእርስዎ ሁኔታ ቲኤስኤች ብቻውን አይታመንም። የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ ቲኤስኤች ይወርዳል፤ ለረጅም ጊዜ ተጨቁኖ የቆየ በመሆኑም የታይሮይዱ ሆርሞን ከወረደ በኋላ እንኳ ለወራት ዝቅ ብሎ ሊቆይ ይችላል። ታይሮይድ ራሱ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች፣ ቲ4 እና ቲ3፣ አብረው ይለኩልኝ ብለው በዚህ ሳምንት ይጠይቁ፤ የነገሩኝ ምልክቶች መድኃኒቱ በዝቶ እንዳይሆን ያሰጋሉ። በራስዎ አያቋርጡ። ነገር ግን ትኩሳት ከጉሮሮ ሕመም ወይም ከአፍ ቁስለት ጋር ከመጣብዎ ክኒኑን አቁመው በዚያው ቀን የነጭ የደም ሕዋስ ቆጠራ ያሠሩ። ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንትዎ ከጠቆረም እንዲሁ ሳይዘገዩ ጉበትዎ ይመርመር።

ከሲልቨር ስፕሪንግ የደወሉ አድማጭ፦ ውጤቴ ሁልጊዜ ደህና ነው ይሉኛል። እኔ ግን ከሥራ ስመለስ ደረጃ መውጣት ያቅተኛል። ሰዎች ሰነፍሽ ይሉኛል።

መልስ፦ አልሰነፉም። ቲኤስኤች ከ0.4 እስከ 4 ባለው ክልል ውስጥ መግባቱ ታይሮይድዎ መታከሙን ይናገራል እንጂ ለድካምዎ ሌላ ምክንያት የለም አይልም። ሐኪምዎን ሲያገኙ «ሌላስ ምን ታይቷል?» ብለው ይጠይቁ። የደም ማነስና የብረት ክምችት፣ ስኳር፣ ቫይታሚን ዲ ይታዩ። ሰውነት ራሱ ታይሮይዱን በሚያጠቃበት ሕመም የተያዙ ሰዎች ላይ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ይደጋገማል፤ ረጅም ጾም ለሚጾሙ ይህ ይበልጥ ያሳስበኛል፣ ቫይታሚኑ በዋናነት ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነውና። በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ መቆራረጥም ሰውን ያዝላል። ድባቴም እንዲሁ፤ ይህን መናገር ሊያሳፍረን አይገባም። የትኛውም ሳይታይ መጠኑን ማሳደግ ግን ልብዎን ይጎዳ ይሆናል እንጂ ድካሙን አይነቅልም።

ከአዳማ የደወሉ አድማጭ፦ ታይሮክሲን እወስዳለሁ፤ ትናንት ማርገዜን አወቅሁ። ቀጠሮዬ የሚቀጥለው ወር ነው።

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት። እስካሁን ለሌሎቹ ታገሡ ስል ቆይቻለሁ፤ እርስዎ ግን አይጠብቁ። የፅንሱ አእምሮ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያድገው በእርስዎ ሆርሞን ስለሆነ ፍላጎትዎ ከሩብ እስከ ሲሶ ይጨምራል። ብዙ ሐኪሞች እርግዝናው እንደታወቀ በሳምንት ሁለት ክኒን ጨምረው ያዛሉ፤ ከዚያም እስከ እርግዝናው አጋማሽ በየአራት ሳምንቱ ይመረምራሉ። በእርግዝና ክትትል የሚሰጥዎትን የብረት ክኒን ከታይሮክሲኑ በአራት ሰዓት ልዩነት ያራርቁ። አሁን ስልኩን ሲዘጉ ለሐኪምዎ ይደውሉ።