«ጓዳው ሙሉ ነው፣ እራት ግን የለም»፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ዛሬ ስልክ የደወላችሁ አድማጮች አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁት ስለ ግዢና ስለ ፈጣን እራት ነው። እኔ በየቀኑ ለቤተሰብ የማበስል ሰው ነኝ። የምመልሰውም ከዚያው ተነሥቼ ነው።

ጥያቄ (አንዲት እናት)፦ ከሥራ የምገባው ደክሞኝ ነው። ጓዳዬ በዕቃ ተጨናንቋል፤ ግን ከፍቼ ሳየው የሚሠራ ነገር የለም። ምን ምን ልግዛ?

እህቴ፣ ይሄ የሚሆነው ለአንድ ምግብ ብቻ የሚያገለግል ነገር ስንገዛ ነው። አንድ ጠርሙስ ስጎ ገዝተን አንድ ቀን እንጠቀምበታለን፤ ከዚያ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ዕቃ ከማንሳትዎ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ይሄ ቢያንስ ለሦስት የተለያዩ እራቶች ይሆነኛል ወይ? ካልሆነ ይለፉት።

ይህን ፈተና የሚያልፉት ብዙም አይደሉም። የቆርቆሮ ቲማቲም፣ የታሸገ ሽምብራ፣ ቀይ ምስር ክክ፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ እንቁላል፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ። ፍሪዘር ውስጥ ደግሞ አተርና ስፒናች። እነዚህ ካሉ እራት አለ።

ሽምብራውን ብቻ እንይ። አጥበውና አድርቀው በዘይትና በጨው አሽተው ኦቨን ውስጥ ቢያስገቡት ይንኮሻኮሻል። በሎሚና በነጭ ሽንኩርት ቢደቁሱት ዳቦ ላይ ይቀባል። ሦስተኛው ለዛሬ ማታ የሚሆንዎ ነው። ሽንኩርት በዘይት ያቁላሉ፤ ነጭ ሽንኩርትና ከሙን ይጨምሩ። የቆርቆሮ ቲማቲሙንና ሽምብራውን ጨምረው 15 ደቂቃ ያህል ያንተክትኩት። በመጨረሻ አንድ እፍኝ ስፒናች ከፍሪዘር አውጥተው ይጨምሩ። ከዚያ በማንኪያ ጉድጓድ ጉድጓድ እያደረጉ እንቁላል ይስበሩበትና ይክደኑት። ነጩም አስኳሉም እስኪረጋ ይጠብቁ። አንድ መጥበሻ ብቻ ነው የሚታጠበው፤ ይሄ ለደከመ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

የታሸገ ሽምብራና ባቄላ ሲጠቀሙ ውሃውን ደፍተው ያለቅልቁት። ከጨዉ ጥሩ ድርሻው አብሮ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ በረዶ የሆነ አትክልት ንጥረ ነገሩ አልቋል ይባላል። እውነት ነው? ደግሞ እኔ ሳበስለው ውሃ ብቻ ይሆንብኛል።

ንጥረ ነገሩ አላለቀም። አትክልቱ ከተለቀመ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ለአጭር ጊዜ በፈላ ውሃ ይነከርና ወዲያው ይቀዘቅዛል። በዚህ ሂደት ትንሽ ቫይታሚን ሲ ይጠፋል፤ የቀረው ግን ፍሪዘር ውስጥ በደንብ ይቆያል። «ትኩስ» ብለን ገዝተን ለቀናት ፍሪጅ ውስጥ የምናስቀምጠው ስፒናች በየቀኑ ይጎድላል። ስለዚህ ባለፍሪዘሩ ሳምንት ከቆየው «ትኩስ» ሊበልጥ ይችላል።

ውሃ የሚሆነው ለምን እንደሆነ ልንገርዎ። በአትክልቱ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋና የሕዋሶቹን ግድግዳ ይበጣጥሳል። በረዶው ሲቀልጥ ውሃው የሚይዘው ነገር ስለሌለ ይፈስሳል። መፍትሔው አስቀድሞ አለማቅለጥና እሳቱን ማብዛት ነው። ኦቨኑን 220 ዲግሪ ያድርሱት፤ ትሪውንም አብረው ያግሉት። ከዚያ አትክልቱን ከነበረዶው በዘይት አሽተው ሳይደራረብ ይዘርጉት። ትሪው ከተጨናነቀ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። አተር ግን ይህን ሁሉ አይፈልግም። ፓስታው ሊበስል 2 ደቂቃ ሲቀረው እዚያው ድስት ውስጥ ይጨምሩት።

ጥያቄ (አንድ አባት)፦ ደረቅ ቦሎቄ ከቲማቲም ጋር ለሰዓታት ቀቀልኩ፤ አልበስል አለ። ጨው መጀመሪያ ላይ ስለጨመርኩ ይሆን?

ጨዉ ጥፋት የለበትም፤ እንዲያውም ይጠቅማል። ጥፋተኛው ቲማቲሙ ነው። የእህሉን ሕዋሶች አጣብቆ የያዘ ፔክቲን የሚባል ነገር አለ። ቦሎቄ የሚለሰልሰው ይሄ ሲሟሟ ነው። አሲድ ደግሞ እንዳይሟሟ ያደርገዋል። ቲማቲም፣ ሎሚና ኮምጣጤ ሁሉም አሲድ አላቸው። ስለዚህ ቦሎቄው በጣትዎ ሲጫኑት የሚፈርስ እስኪሆን ድረስ ለብቻው ይቀቅሉት፤ ቲማቲሙ ከዚያ በኋላ ይግባ።

ሁለት ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። አንደኛው እህሉ ብዙ ዘመን የቆየ መሆኑ ነው። ሌላው ውሃው ካልሲየም የበዛበት መሆኑ ነው። ውሃው እንዲህ ከሆነ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይረዳል። ከዚያ በላይ ከጨመሩ ግን ጣዕሙ ሳሙና ሳሙና ይላል። ከዋዜማው ጀምሮ ትንሽ ጨው ባለው ውሃ መዘፍዘፉ ደግሞ ቆዳውን ያለሰልሳል።

ወንድሜ፣ ቦሎቄው ቀይ ከሆነ ይህን በደንብ ይስሙኝ። ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ውስጥ ሆድን ክፉኛ የሚያውክ፣ የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ መርዝ አለ። ቢያንስ 5 ሰዓት ይዘፍዝፉት፤ የተዘፈዘፈበትን ውሃ ይድፉ። ከዚያ በአዲስ ውሃ ለ30 ደቂቃ ሳያቋርጥ ይንፈቅፈቅ። በዝግታ በሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ጥሬውን ጨምሮ መተው አደገኛ ነው፤ ሙቀቱ መርዙን ለማጥፋት ላይበቃ ይችላል። የታሸገው ግን በስሎ ስለሚመጣ ይሄ ስጋት የለበትም።

ጥያቄ (ብቻውን የሚኖር ተማሪ)፦ አንድ ድስትና አንድ ምድጃ ነው ያለኝ። ፓስታ በድልህ ሰለቸኝ። ሌላ ምን ልሥራ?

አይዞህ፣ ከፓስታው ሳትወጣ ብዙ ነገር መሥራት ትችላለህ። የቱና ቆርቆሮ፣ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ያዝ። ፓስታውን ቀቅለህ ከማጥለልህ በፊት አንድ ኩባያ የፓስታውን ውሃ አስቀር። ብዙ ሰው ይህን ውሃ ይደፋዋል፤ እኔ ሳየው ይቆጨኛል። ውስጡ ስታርች አለ፤ ዘይቱንና ውሃውን አዋሕዶ ወፍራም ስጎ የሚያደርገው እሱ ነው። እዚያው ድስት ውስጥ ነጭ ሽንኩርቱን በዘይት ለአንድ ደቂቃ አሙቅ። ቱናውን፣ ፓስታውንና ከውሃው ግማሹን ጨምርና በኃይል አማስል። ካወረድከው በኋላ ሎሚ ጭመቅበት።

ሌላ ቀን ደግሞ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ አንድ ማንኪያ ሶያ ሶስና ትንሽ ሎሚ በዚያው የፓስታ ውሃ በጥብጥና ለውስበት። የኦቾሎኒ ቅቤ ስትገዛ ጀርባውን አንብብ። በማሸጊያው ላይ ያሉ ግብዓቶች የሚጻፉት በክብደት ቅደም ተከተል ነው፤ ብዙ የገባው ይቀድማል። ኦቾሎኒና ጨው ብቻ የሚል ካገኘህ እሱን ውሰድ።

ምስር ክክም አትርሳ። ቀዩ መዘፍዘፍ አያስፈልገውም። አንድ ኩባያ ምስር በሦስት ኩባያ ውሃ 20 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ የቲማቲም ድልህ ከፍቼ አንድ ማንኪያ እወስዳለሁ፤ የቀረው ይሻግትብኛል።

ከቆርቆሮው ያውጡት። በማንኪያ እየቆነጠሩ ፕላስቲክ ላይ ይደርድሩና ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡት። ሲደርቅ ወደ ከረጢት ይሰብስቡት፤ አንድ አንድ እያነሱ ይጠቀሙበታል። የሻገተውን ግን ላዩን ገፍፎ መጠቀም የለም፤ ሁሉንም ይጣሉት።

ጥያቄ፦ ማታ የተረፈ ሩዝ ምድጃ ላይ አድሮ ጠዋት አሙቀን እንበላለን። ችግር አለው?

አለው። እባክዎ ይህን ልማድ ይተዉት። ሩዝ ላይ ባሲለስ ሴሬስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ዘሩ መቀቀልን ይቋቋማል። ሩዙ ለብ ብሎ ሲቆይ ባክቴሪያው ይራባና መርዝ ያመነጫል። ማሞቅ ባክቴሪያውን ቢገድል እንኳ መርዙን አያጠፋም። ስለዚህ ዋናው ነገር ቶሎ ማቀዝቀዝ ነው። ሩዙን ሰፊ ሳህን ላይ በስሱ ዘርግተው ቢቻል በ1 ሰዓት፣ ቢበዛ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ያስገቡት። እኔ ሩዝን ከማግስቱ አላሳልፍም። ሲያሞቁት እስኪያጤስ ድረስ፣ ያውም አንዴ ብቻ።

በዚህ መንገድ ያደረ ሩዝ ለመጥበስ ከትኩሱ ይሻላል፤ ስለሚደርቅ ፍሬው አይጣበቅም። በጋለ ዘይት ላይ ሽንኩርት፣ ከፍሪዘር የወጣ አተር፣ ከዚያ ሩዙ። ወደ ዳር ገፋ አድርገው እንቁላል ሰብረው ይጥበሱና ያዋሕዱት። 10 ደቂቃ አይፈጅም።

ጥያቄ፦ ነጭ ሽንኩርት ልጬ በዘይት ሞልቼ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣለሁ። ሽታው አልተለወጠም፤ እስከ መቼ ይቆያል?

እህቴ፣ ያንን ጠርሙስ ዛሬውኑ ይጣሉት። ዘይቱ አየር ይዘጋል። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ አሲዱ ዝቅተኛ ነው። ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። መርዙ ሽታም ቀለምም ላይለውጥ ይችላል፤ ሰው ይገድላል። በዘይት ማስቀመጥ ከፈለጉ ፍሪጅ ውስጥ ቢበዛ ለ4 ቀን፤ ለረጅም ጊዜ ከሆነ ፍሪዘር ውስጥ።

ያበጠ ወይም መገጣጠሚያው ላይ የተጎዳ ቆርቆሮ ቢያገኙም እንዲሁ ነው። አይክፈቱት፣ አይቅመሱት።

ጥያቄ (የመጨረሻ ደዋይ)፦ ሁሉን ነገር በመመሪያው መሠረት እሠራለሁ፤ ግን ምግቤ ሞቶ ይመጣል። ጨው እጨምራለሁ፣ አሁንም ያው።

ብዙ ጊዜ የጎደለው ጨው ሳይሆን ኮምጣጣ ነገር ነው። ካወረዱት በኋላ ግማሽ ሎሚ ይጭመቁበት ወይም አንድ የሻይ ማንኪያ ኮምጣጤ ጠብ ያድርጉበትና ይቅመሱ። ምስርና ባቄላ በተለይ በዚህ ይነቃሉ። ጣዕም የሌለው እርጎ ካለዎት አንድ ማንኪያ ላዩ ላይ ጣል ማድረግም ይሠራል፤ ፈሶ እንዳይቋጠር ግን ምግቡ ከምድጃ ከወረደ በኋላ ይሁን።

ሁለተኛው ጥርጣሬዬ ሽንኩርቱ ላይ ነው። «5 ደቂቃ አቁላላ» የሚሉ መመሪያዎች ያቻኩላሉ። ወርቃማ እስኪሆን 15 እና 20 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ድልህም ከሌላው ፈሳሽ በፊት ዘይት ውስጥ ለብቻው ይጠበስ፤ ቀለሙ ጠቆር ሲል ጥሬ ጥሬ ማለቱ ይጠፋል። ይህን ሁሉ አድርገው አሁንም ካልጣመዎት፣ ያኔ ጨው ይጨምሩ፤ በቁንጥር፣ በየመሃሉ እየቀመሱ።