ግሩም፦ ከፍርሃት የተወለደ ቃል

የተከበራችሁ አባቶች፣ የአማርኛ መምህራን፣ የጎንደር አስጎብኚ ወጣቶች፣

የዛሬው ነገራችን አንድ ቅጽል ነው፤ «ግሩም»። ምሳው ግሩም፣ ፎቶው ግሩም፣ ስልኩ ግሩም እየተባለ ቃሉ «በጣም ጥሩ» ከማለት አላልፍ ብሏል። ያሳዝናል፤ ድሮ እንዲህ ቀላል አልነበረምና።

ሥሩ የግእዙ «ገረመ» ነው፤ አስፈራ፣ አስደነቀ። ከ«ከብረ» ክቡር፣ ከ«ቀደሰ» ቅዱስ እንደሚወጣ ሁሉ ከ«ገረመ» ግሩም ይወጣል። ዳዊት የደገመ ሁሉ በመዝሙር 90 «እምግርማ ሌሊት» የሚለውን ያውቃል። እዚያ ላይ ግርማ ውበት አይደለም፤ የጨለማው አስፈሪነት ነው። ውበት የሆነው ኋላ ነው፤ ያየው ሰው ማንም ሳያዝዘው ድምፁን ዝቅ የሚያደርግለት መልክና አቋም «ግርማ» ተባለ። ዛሬ «ገረመኝ» ስንል ፍርሃቱ ወጥቶ መደነቁ ብቻ ቀርቷል።

ከጎረቤቶቹ ጋር እንለየው። ውብ ዓይን የሚስብ ነው። ሞገስ መወደድ ነው፤ በግእዙ ወንጌል መልአኩ እመቤታችንን «ረከብኪ ሞገሰ» (ሞገስን አግኝተሻል) ይላታል። ሞገስ ሰውን ያቀርባል፣ ግርማ ያስፈራል፤ «ግርማ ሞገስ» አንድ ላይ የሚባለውም ሁለቱ ባንድ ሰው ሲገናኙ ነው። በ1723 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑትን እቴጌ እናስብ። ምንትዋብ፦ «ምን ትዋብ!» የስማቸው ግማሽ ውበት ነው። ሌላው ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነው። ግርማ በስማቸው ውስጥ የለም፤ እሱን ዙፋኑ ሰጥቷቸዋል ማለት ይቻላል።

ስሕተት የሚበዛው ቃሉ ለሴት ሲነገር ነው። በግእዝ ክቡር «ክብርት» እንደሚባል ግሩም «ግርምት» ይባላል። በአማርኛ ግን ግርምት መደነቅ ማለት ስለሆነ «ግርምት ሴት» ብሎ የጻፈ ሰው አንባቢውን ግራ ያጋባል። «ግርማዊት»ም አይሆንም፤ የንጉሣውያን ማዕረግ ሆኖ ስለኖረ ሙሽራ ላይ ሲውል ይከብዳል። «ግሩም ሴት» ቢባል ደግሞ ሰሚው ጠባይዋ የተመሰገነ ብሎ ይረዳዋል። ትክክሉ «ባለ ግርማ» ወይም «ግርማ ሞገስ ያላት» ነው።

አስጎብኚዎች፣ የፋሲል ግንብን «ግሩም ሕንፃ» ብላችሁ አትለፉት። አራቱን የማዕዘን ማማዎች ከነጉልላታቸው፣ በኖራ የተያያዘውን ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ አሳዩና «ግርማ ያለው» በሉ፤ ግርማው ከግዝፈቱና ከእርጋታው ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ጣሪያው ላይ የተሣሉት የመላእክት ፊቶች ውብ ናቸው፤ ግን ዓይናቸውን ገልጠው ወደ ታች ያያሉ። ለእነሱ «ግሩም» በሉ፤ እዚያ ቃሉ በጥንት ትርጉሙ ይገባል። ከማለታችሁ በፊት ግን እንግዳው ቀና ብሎ ዝም እስኪል ጠብቁ።