የቱ?

እሺ፣ ይቀዳል መሰለኝ። ዶሮውን ሰማችሁት? አዎ፣ ያው የጎረቤቴ ነው፤ ፋሲካንም አልፏል።

ዛሬ ስለ ሁለተኛው ልብ ወለድ ላወራ ነበር። ግን ቅዳሜ እማማ ጋ ሄጄ ነበር። የካርታዋ እማማ።

በጋዜጠኝነቴ ያን የሐሰት የቤት ካርታ ጉዳይ ስከታተል ሁለት ዓመት ቤታቸው ተመላልሻለሁ። የተወሰደባቸውን ቤት ቁልፍ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ይይዛሉ። ዘገባው ውስጥ ቁልፉን የማስገባበት ቦታ አልነበረኝም፤ የሚፈለገው ሰነድ ነው፣ ቀን ነው፣ ፊርማ ነው። የመጀመሪያው ልብ ወለዴ ላይ ግን... ገጽ 1 ላይ ሞታ የተገኘችው ሴትዮ ነጠላ ላይ ቋጠርኩት። ደስ እያለኝ ነው የጻፍኩት እኮ!

ልጃቸው አንብባላቸዋለች።

ቡና እየቀዱልኝ ነው። ሁለተኛውን። ጀበናውን ሳያስቀምጡ «ገዳዩ ተያዘ?» አሉኝ። እኔም ፈጠን ብዬ «አዎ እማማ፣ መጨረሻ ላይ ይያዛል።» ቀና ብለው አዩኝና፣ «የቱ?»

በቃ፣ የቱ። አልተቆጡም። አልሳቁም። ስኳር ስንት ላድርግልህ በሚሉበት ድምፅ ነው ያሉኝ። እኔ ሲኒዬን አየሁ። ምን ልበል? ካርታውን የሠራውን ሰውዬ በቀደም ሰርግ ላይ አግኝቼዋለሁ። ሰላም አለኝ። ሰላም አልኩት!

ስቲግ ላርሰንን ታውቁታላችሁ፣ ስዊድናዊው። ቀን ኤክስፖ የሚባለው መጽሔቱ ላይ የቀኝ አክራሪዎችን ጉድ ይመረምራል፣ ማታ ልብ ወለዱን ይጽፋል። በ2004 እ.ኤ.አ. ሊፍቱ ተበላሽቶ ሰባት ፎቅ በእግሩ ወጣ፣ ልቡ ከዳው። ገና 50 ዓመቱ። የመጀመሪያው መጽሐፍ የታተመው በዓመቱ ነው። እና ማንም ቡና እየቀዳ «የቱ?» አላለውም። እቀናለሁ ልበል? አይ፣ ምን ዓይነት ነገር ነው የማወራው።

በዓሉ ግርማ ደግሞ አለ። ኦሮማይ በ1975 ወጣ፣ ወዲያው ከገበያ ተለቀመ። የካቲት 6 ቀን 1976 በዓሉ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ቮልስዋገኑ ተገኘች፣ እሱ የለም። ድሮ ሳስበው ድፍረቱ ነበር የሚገርመኝ። አሁን ሌላ ነገር ይመጣብኛል። እሱ የነካቸው ሰዎች ባለሥልጣናት ነበሩ። እኔ የነካሁት... የአንዲት እናት ነጠላ። ላወዳድር አይደለም፣ አትሳደቡ።

ሁለተኛው ዕትም ላይ ቁልፉን ላወጣው ብዬ ልጃቸው ጋ ደወልኩ። «ኧረ ተወው» አለችኝ፣ «ለሰፈሩ ሁሉ እያስነበቡት ነው።»

እና... አላውቅም። ደስ ይበለኝ ወይስ... ይሄ ዶሮ ግን!