የሪሞት መኪናችሁ ዘንግ ስንት ሚሊ ይሁን?

[እይታ፦ ጠዋት፣ ጦሳ ተራራ ሥር። ትንሿ መኪና የፊት ቀኝ ጎማዋን አንጠልጥላ ድንጋይ ላይ ቆማለች። ሞተሩ ይጮኻል፤ መኪናዋ ንቅንቅ አትልም።]

ሰማችሁት አይደል? ባትሪው ሙሉ ነው፣ የካምቢዮው ጥርሶችም ደህና ናቸው። ጎንበስ ብላችሁ ከሥር እዩዋት።

[ካሜራው ዝቅ ይላል።]

የፊተኛው ዘንግ ለሁለት ተለያይቷል። ካምቢዮው ላይ የቀረው ግማሹ ባዶውን ይዞራል። የተሰበረ ነገር የለም፤ አጥሮ ነው ሾልኮ የወጣው።

መኪናዋ የኔ ናት፣ ጥፋቱም የኔው። እኔ ዕቃ የማስመጣው ዱባይ ባለችው እህቴ በኩል ነው፤ ወደ ደሴ የሚመጣ ሰው እስኪገኝ ይጠበቃል። በዚች ዘንግ ምክንያት ሁለት ወር ሙሉ መኪናዬ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጣለች። እናንተ እንደኔ እንዳትሆኑ ነው ይህን የምቀርጸው።

ለአዲስ ገቢዎች ባጭሩ ልበል። ሮክ ክሮውለር ማለት ቀስ እያለ ድንጋይ የሚወጣ የሪሞት መኪና ነው። ከካምቢዮው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ዲፈረንሻል አንዳንድ ዘንግ ይሄዳል። ዘንጉ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተት ሁለት ቁራጭ ሲሆን፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ክሮቼራ፣ ማለትም እየታጠፈ የሚዞር መገጣጠሚያ፣ አለው። ከኮምቦልቻ ጭነት ይዞ ወደ ደሴ እያቃሰተ የሚወጣ አይሱዙ ሥር ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይሄን አይቶታል። ጭነት ሲበዛ ባሌስትራው ይተኛል፣ ዲፈረንሻሉ ከቦታው ይሸሻል፣ ዘንጉ ገባ ወጣ እያለ ያቻችለዋል። የኛዋ ግን አንዱ ጎማዋ ሰማይ፣ ሌላው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ገባ ወጣው ከመኪናዋ መጠን አንጻር በጣም ብዙ ነው።

ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ምንድን ነው? «መኪናዬ 313 ናት፣ ስንት ዘንግ ልዘዝ?» ወንድምዓለም፣ 313 ሚሊ ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል ያለው ርቀት ነው። ካምቢዮህ የት እንደተቀመጠ አይነግረኝም። ሁለት 313 መኪኖች፣ የአንዷ ካምቢዮ ወደ ፊት ከተጠጋ፣ የፊት ዘንጋቸው በጭራሽ አንድ አይሆንም። ደግሞ የኋላ ሊንኮቹን፣ ማለትም ዲፈረንሻሉን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙትን ክንዶች፣ በረዘሙ ቀይረህ 324 ካደረስካት፣ ያ 11 ሚሊ የሚያርፈው የኋላው ዘንግ ላይ ነው። ፊተኛውን አትንካው።

[እይታ፦ ጠረጴዛ። እስክሪብቶ፣ መቀስ፣ ፕላስተር፣ ማስመሪያ።]

መለኪያችን ይሄ ነው፤ ያለቀ እስክሪብቶ ይበቃል። ቀፎውን ቆረጥኩ፤ ቀጭኗን የቀለም ቱቦ ፕላስተር ጠቅልዬባት መልሼ አስገባኋት። ጠበቅ ማለት አለባት፤ ስትለቋት በራሷ መንሸራተት የለባትም። አሁን የሚዘረጋና የሚሰበሰብ የውሸት ዘንግ አለን።

የመኪናዋን ዘንግ አውጡ። ከሾኮቹ ላይ ሞላውን አውልቁ፤ ሾኮቹ ይቆዩ፣ መኪናዋ የት ድረስ እንደምትወርድና እንደምትነሳ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። የእስክሪብቶዋን አንድ ጫፍ ካምቢዮው ላይ ዘንጉ የሚታሰርበት ብሎን መሐል፣ ሌላውን ዲፈረንሻሉ ላይ እንደዚያው። ከዚያ ሁለቱንም ጎማ ወደ ላይ ግፉ፣ ለኩ። ሁለቱንም አንጠልጥሉ፣ ለኩ። ቀኙን ወደ ላይ ግራውን ወደ ታች፤ ከዚያ በተቃራኒው።

በመሐል ስታንቀሳቅሱ አትቸኩሉ። ሊንኮቹ ዲፈረንሻሉን በቅስት ስለሚያዞሩት፣ ዘንጉ በጣም የሚያጥርበት ቦታ ሙሉ በሙሉ ስትጫኗት ላይሆን ይችላል። እኔ ይሄን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

የኔዋ ፊት ላይ ትንሹ 88፣ ትልቁ 104 ሚሊ ወጣ። መጀመሪያ ያዘዝኩት ከ80 እስከ 105 የሚል ነበር። መኪናዋን በጎማዋ እንደቆመች ለክቼ 94 ስላገኘሁ፣ መሐል ላይ ነው ብዬ ተደሰትኩ። ያቺ 105 ግን ዘንጉ ተላቆ የሚወጣባት ነጥብ ናት! 104 ላይ የሚይዘው 1 ሚሊ ብቻ ነው። እሱን ነው ጦሳ ላይ ያያችሁት።

አሁን የምሄድበት ሒሳብ፦ ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ሲሰበሰብ ከትንሹ ልኬቴ ቢያንስ 3 ሚሊ ያንሳል፤ ለኔ 85 ወይም ከዚያ በታች። በትልቁ ልኬት ላይ ደግሞ ቢያንስ 12 ሚሊ ውስጥ ይቀራል፤ እና የሚላቀቀው 116 ወይም ከዚያ በላይ ላይ መሆን አለበት። ሻጩ የጻፈው ቁጥር ከብሎን መሐል እስከ ብሎን መሐል ይሁን ወይም ከጫፍ ጫፍ፣ ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ፤ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

የረዘመ ዘንግ ደግሞ ዝም ብሎ ነው የሚጎዳው። መኪናዋ ስትጫን ዘንጉ ምሰሶ ሆኖ የካምቢዮውን ኩሽኔታ ይገፋል። ብረት ከሆነ ውስጥ ገቢውን ጫፍ በሞረድ ማሳጠር ይቻላል፣ ግን የያዘውንም ያህል እየቀነሳችሁ ነው፤ መጀመሪያ 12ቷን ቁጠሩ።

[እይታ፦ አዲሱ ዘንግ በእጅ።]

ስትገጥሙት የሁለቱ ጫፍ ሹካዎች በአንድ አቅጣጫ ይቁሙ። ክሮቼራ ታጥፎ ሲዞር አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት ይላል፤ ሁለቱ ከተስተካከሉ አንዱ የሌላውን ያጠፋል፣ ከተዛነፉ ግን መኪናዋ ድንጋይ ላይ እየተንገጫገጨች ነው የምትወጣው። ብሎኑ ላይ የሚላቀቀውን ሰማያዊ ማጣበቂያ ጠብታ፣ ቀዩን አትንኩት።

አንድ የቀረችኝ። ውስጥ ገቢው ቁራጭ ላይ፣ ከጫፉ 12 ሚሊ ለክታችሁ፣ ቀይ ኩቴክስ ቀቡ፤ መስመሩ ከታየ ውስጥ የቀረው ከ12 አንሷል ማለት ነው። እኔ ከቤት ነው የሰረቅኩት።

[እይታ፦ ያው ድንጋይ፣ ያው ጎማ ተንጠልጥሏል። ካሜራው ከሥር ይገባል፤ ቀዩ መስመር አይታይም። ሌሎቹ ጎማዎች ቀስ ብለው ይዞራሉ።]

ውስጥ ናት። እንውጣ።