ከክለብ ክለብ የዞረው ተከላካይ፦ የስተርሊንግ ሙር ታሪክ

ሰላም ወገኖቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! ዛሬ ወደ አሜሪካን ፉትቦል ነው የምንሄደው። አዎ፣ ወደ ሞላላዋ ኳስ። ዓመተ ምሕረቱንም ወሩንም ቀኑንም ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፣ እንዳይምታታባችሁ።

ስለ ቶም ብሬዲ፣ ስለ ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትሱ ታዋቂ ኳስ ወርዋሪ፣ ብዙ ሰው አውርቷል። እኔ የምነግራችሁ በ2012 ብሬዲን ሱፐር ቦውል፣ የሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ ጨዋታ፣ ስላደረሰው ሰው ነው። ስተርሊንግ ሙር ይባላል። ስሙን ሰምታችሁት ታውቃላችሁ? አብዛኞቻችሁ አልሰማችሁም፣ አውቃለሁ። ለዚህም ነው ቪዲዮውን የሠራሁት።

ሙር ኮርነርባክ ነበር። ኮርነርባክ ዳር ላይ ቆሞ የተጋጣሚን ኳስ ተቀባይ የሚጠብቅ ተከላካይ ነው። ተቀባዩ ወዴት እንደሚሮጥ ያውቃል፣ ተከላካዩ አያውቅም። ተቀባዩ ወደ ፊት ሲሮጥ ተከላካዩ የኋሊት ይሮጣል፤ ድንገት ዳሌውን አዙሮ መከተል አለበት። ሰው በሰው መያዝ አለ፣ ዞን (ቦታ መጠበቅ) አለ፣ ኒክል (አምስተኛ የኋላ ተከላካይ መጨመር) አለ፤ ይኼን ባለፉት ቪዲዮዎች በጥቂቱ ስላየነው እንለፈው።

ከዚህ ይልቅ አንድ ሰው ላሳያችሁ። አውቶቡስ ተራ ሂዱ፣ አዲስ አበባ። የራሱ መኪና የሌለው ሹፌር አለ አይደል? መንጃ ፈቃድ አለው። መስመሩን ሁሉ ያውቃል፤ ከመገናኛ ቦሌ፣ ከሜክሲኮ ሳር ቤት፣ ከፒያሳ ሽሮ ሜዳ። ገና ሳይነጋ ተራው ላይ ቆሟል። ለምን? የአንዱ ሚኒባስ ሹፌር ታሞ ሊያድር ይችላላ! ለቅሶ ሊሄድ ይችላላ! ባለንብረቱ ይደውላል፣ «ዛሬን ያዝልኝ» ይለዋል። በቃ፣ ቁልፉን ተቀበለ። ፍሬኑን አያውቀውም። ክላቹ የት ላይ እንደሚይዝ አያውቅም። መሞከሪያ ጊዜ የለውም፤ ሰው ሞልቷል፣ ወያላው በሩን ደብድቦ «ሳበው!» ብሏል። ይስባል። ቀኑን ሙሉ ይነዳል፣ ማታ ገቢውን ያስረክባል፣ ቁልፉን ይመልሳል። ጥሩ ነዳ? እሰየው። ነገ ግን ተመልሶ እዚያው ተራው ላይ ነው። ያጋጨ እንደሆነ ደግሞ ወሬው እሱን ቀድሞ ነው ተራው የሚደርሰው።

ይኼን ሰው ያዙልኝ። ስተርሊንግ ሙር ማለት ይኼ ሰው ነው።

ዳላስ ያላችሁ ተመልካቾቼ፣ ልጁ እናንተ ከተማ ነው የተማረው፤ ሳውዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ። በ2011 ክለቦች በድራፍት፣ ማለትም ከኮሌጅ የሚወጡ ልጆችን በየተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ 254 ተጫዋቾችን መረጡ። ሙር ከ254ቱ አንዱ አይደለም። ያ ዓመት ደግሞ ክፉ ዓመት ነበር፤ የክለብ ባለቤቶችና የተጫዋቾች ማኅበር ተጣልተው ሊጉ ተዘግቶ ነበር። ያልተመረጠ ልጅ መፈረም የሚችለው በሐምሌ መጨረሻ፣ ጠቡ ካለቀ በኋላ ነው። እንደሱ ላለ ልጅ ደግሞ ራሱን የሚያሳይበት ጊዜ ሁሉ ነገር ነው። ኦክላንድ ሬይደርስ አስፈረመው፣ ከዋናው ቡድን ግን ቀነሰው። በዚያው ዓመት ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ወስዶ ፕራክቲስ ስኳድ ውስጥ አስገባው። ተራው ማለት ያ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ትለማመዳለህ፣ የሚቀጥለውን ተጋጣሚ ተጫዋች መስለህ ትሮጣለህ፣ የጨዋታው ቀን ማልያ የለህም።

እዚህ ላይ ልቁም። ስለ እንደዚህ ዓይነት ተጫዋች ባወራሁ ቁጥር የሚመጣ አስተያየት አለ፤ «ስንት ተሸጠ? ኦክላንድ ስንት አተረፈ?» የሚል። ምንም! አንድ ዶላር አላተረፈም። ይኼን ጉዳይ ዛሬ በደንብ እንጨርሰው።

እኛ የለመድነው የእንግሊዝን ሊግ ነው፤ አርሴናል ተጫዋች ሲፈልግ ለሌላው ክለብ ገንዘብ ይከፍላል። በአሜሪካው ሊግ የዝውውር ክፍያ የሚባል ነገር የለም። ክለቦች ተጫዋች በተጫዋች ይለዋወጣሉ፣ ወይም የወደፊት የድራፍት ዕድላቸውን ይሰጣሉ። ይኼም ቢሆን ለሚፈለግ ሰው ነው። እንደ ሙር ያለው አይሸጥም፣ ይሰናበታል። ክረምት ላይ እያንዳንዱ ክለብ 90 ሰው ይዞ ይለማመዳል። የውድድር ዘመኑ ሊጀመር ሲል 53 ብቻ ይቀራል። ቁጠሩት፤ ከአንድ ክለብ 37 ሰው፣ ክለቦቹ ደግሞ 32 ናቸው። ከአንድ ሺህ በላይ ሰው በአንድ ሰሞን ሥራ ያጣል። ሊጉ ውስጥ አራት ዓመት ያልሞላው ከሆነ ዌቨር ላይ ይወጣል፤ ሌሎቹ ክለቦች የሚያነሱት ካለ ያነሱታል፣ ቅድሚያው ለደካማው ክለብ ነው። ማንም ካላነሳው ነፃ ነው።

«ውል አለው አይደል?» ትሉኛላችሁ። አለው። ግን ዋስትና የሌለው የውሉ ገንዘብ ሲሰናበት አብሮ ይቀራል። ሦስት ዓመት ፈርሞ በሁለተኛው ሳምንት ባዶ እጁን ሊወጣ ይችላል። እንግሊዝ ውስጥ ተቀያሪ ወንበር ላይ የተቀመጠ ተጫዋች ውሉ እስኪያልቅ ይከፈለዋል። እዚህ እንደዚያ አይደለም። ጡረታውም እንዲሁ ነው፤ ዋናው ቡድን ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጨዋታ ስትቆይ አንድ ዓመት ይያዝልሃል፣ ሦስት ዓመት ስትሞላ የጡረታ መብት ታገኛለህ። ስለዚህ ለእንደዚህ ዓይነት ሰው በኅዳር ወር የሚመጣ ስልክ ቀላል ስልክ አይደለም። እባካችሁ ከአሁን በኋላ «ስንት ተሸጠ» አትበሉኝ! ለሚጠይቃችሁ ሁሉ ይኼን ቪዲዮ ላኩለት፣ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁም አድርጉ፣ ቻናሉ የሚያድገው በእናንተ ነው።

ወደ ሙር። ኒው ኢንግላንድ በዚያ ዓመት መከላከሉ ችግር ላይ ነበር፤ በኳስ ቅብብል ለተጋጣሚ በሚሰጠው ርቀት ከሊጉ 31ኛ ነው። ከ32! ተከላካይ ከማጣቱ የተነሳ ጁሊያን ኤደልማንን፣ ኳስ ተቀባዩን፣ በተከላካይ ቦታ ያሰልፍ ነበር። ያን ጊዜ ነው ሙር ቁልፉን የተቀበለው። ጥር 1 ቀን 2012 ከቡፋሎ ጋር ሁለት ኳስ ጠለፈ፣ አንዷን ይዞ ሮጦ ተችዳውን (ኳሷን ጎል ክልል ውስጥ በማስገባት የሚገኝ ነጥብ) አስቆጠረ። ፓትሪየትስ 21 ለ 0 ተመርቶ 49 ለ 21 አሸነፈ።

ጥር 22። ፎክስቦሮ፣ የፓትሪየትስ ሜዳ፣ ከባልቲሞር ሬቨንስ ጋር። ያሸነፈ ሱፐር ቦውል ይገባል።

መጀመሪያ ያጋጨውን ልንገራችሁ። በሦስተኛው ሩብ ቶሪ ስሚዝ ኳስ ተቀብሎ ከሙር እጅ አምልጦ ተችዳውን አስቆጠረ። ባልቲሞር መራ። በመኪናው ምሳሌ ከሄድን ወያላውም ተሳፋሪውም አይቶታል። የፓትሪየትስ አሠልጣኝ ቤሊቺክ ግን አላስወጣውም። ወይ እምነት ነው፣ ወይ ሌላ ሰው ስለሌለው ነው፤ እኔ ሁለቱም ይመስለኛል።

አሁን ውጤቱ 23 ለ 20 ነው፣ ኒው ኢንግላንድ ይመራል። የቀረው ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ባልቲሞር ለጎል ክልሉ 14 ያርድ ብቻ ቀርቶታል። ጆ ፍላኮ ወደ ቀኝ ወረወረ። ሊ ኢቫንስ ጎል ክልሉ ውስጥ ነው፣ ኳሷ ሁለት እጁ ላይ ገባች። ገባች! የያዛት ኳስ ናት። አንድ እግሩ መሬት ነክቷል፣ ሁለተኛው እየወረደ ነው። ሙር ከጎኑ ነው፣ አልቆለታል። ግን እጁን አላቆመም። በኢቫንስ ክንዶች መካከል እጁን ሰደደና ኳሷን መታት። ወደቀች።

ደንቡ ምን ይላል? ተቀባዩ ኳሷን ተቆጣጥሮ ሁለት እግሩን ማሳረፍ አለበት። አላሳረፈም። ዳኛው «አልተያዘችም» አለ። የባልቲሞር ደጋፊዎችን ውሳኔው በምስል ያልታየበት ምክንያት እስከ ዛሬ ያንገበግባቸዋል፤ እኔ ግን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፣ ውሳኔው ትክክል ነው።

ቀጣዩ ኳስ ለዴኒስ ፒታ ተወረወረ። ማን መታው? ሙር! ሁለት ኳስ በተከታታይ። ከዚያ የባልቲሞሩ መቺ ቢሊ ከንዲፍ ውጤቱን ለማስተካከል ከ32 ያርድ፣ ሠላሳ ሜትር ከማይሞላ ርቀት መትቶ በግራ በኩል ወደ ውጭ አወጣት። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ከንዲፍን ነው። ይኼ ያናድደኛል! ከንዲፍ የመታው እኮ ሙር ሁለቱን ኳሶች ስለከለከለ ነው። መዝገቡ ላይስ የተጻፈለት ምንድን ነው? ሁለት የተከላከላቸው ኳሶች። ከአንድ ተራ የመስከረም ጨዋታ ጋር እኩል ቁጥር!

ሁለት ሳምንት አለፈ። የካቲት 5፣ ኢንዲያናፖሊስ፣ ሱፐር ቦውል ከኒው ዮርክ ጃየንትስ ጋር። አራት ደቂቃ አልቀረም፣ ኒው ኢንግላንድ ይመራል። ኢላይ ማኒንግ በግራው መስመር ላይ ረጅም ኳስ ወረወረ። ማሪዮ ማኒንግሃም በትከሻው ላይ ተቀብሎ ሁለት እግሩን መስመሩ ውስጥ አሳረፈ። 38 ያርድ። አጠገቡ ማን ነበር? አንደኛው ፓትሪክ ቻንግ ነው፣ ከኋላ የደረሰ። ሌላኛው ራሱ ሙር ነው። በዚህኛው እጁ አልደረሰም። ቤሊቺክ ውሳኔው በምስል እንዲታይ ጠየቀ፣ ጸና። ጃየንትስ 21 ለ 17 አሸነፈ። የማኒንግሃምን ኳስ መቶ ጊዜ ያሳዩናል፤ የኢቫንስን ግን ፈልጋችሁ ነው የምታገኙት።

ቀጣዩን ዓመት ሳይጨርስ ከኒው ኢንግላንድ ወጣ። ዳላስ ወሰደው፣ ዳላስ ቀነሰው፣ ዳላስ መልሶ ወሰደው። በ2015 ታምፓ ቤይ። በ2016 ክረምት ቡፋሎ ሄደ፤ ሁለት ኳስ የጠለፈባት ቡፋሎ! የውድድር ዘመኑ ሳይጀመር አሰናበተችው። ኒው ኦርሊንስ ተከላካዮቹ ሲጎዱበት ደወለ፤ ሄዶ ቋሚ ተሰላፊ ሆነ። የሊጉ ተጫዋች በአማካይ ሦስት ዓመት ከምናምን ነው የሚቆየው ይባላል። ያልተመረጠው ልጅ በ2017ም እዚያው ሊጉ ውስጥ ነበር። እኔ ይኼን ሰው «ዕድለኛ» የሚሉትን አልሰማቸውም።

የኢቫንስን ኳስ አሁን ፈልጋችሁ እዩት። ሁለተኛ ጊዜ ስታዩት ኳሷንም ተቀባዩንም ትታችሁ ማልያው ላይ 29 ቁጥር ያለውን ልጅ ብቻ ተከተሉ። ከዚያ መጥታችሁ እግሩ አርፏል ወይስ አላረፈም፣ ከታች ጻፉልኝ፤ አነባለሁ፣ እመልሳለሁ። የሚቀጥለው ሳምንት ኒክልን በደንብ እናያለን።